የሰው ወርቅ ያደመቀን ሰሞን

ወደ ኪነት ቡድን የገባሁት ተዋናይ ልሁን ብዬ አይደለም። ጎንደር ከተማ ከአክስቴ ጋር ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ቀን የቡድኑ ኃላፊ ትከሻው ላይ የተቀደደ ካባ ይዞ መጣና ስጠቅምለት ቆሞ ተመለከተኝ። ሲያልቅ ካባውን ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠውና፣ «የተቀደደበትን ቦታ አጣሁት እኮ። ለምን ከእኛ ጋር አትሠሪም?» አለኝ። አክስቴ፣ «ከአዝማሪ ጋር አገር ላገር ልትዞሪ ነው?» ብላ ተቆጣች። የመንግሥት ሥራ መሆኑን ስትሰማ ግን ዝም አለች። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ የሚባል ነገር ብዙ አፍ ያስዘጋ ነበር።

ኃላፊያችን ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ቁመቱ የዘለገ፣ ድምፁ ያለ ማጉያ ገበያ ዳር የሚደርስ ሰው ነው። ሰው ፊት «ጓድ» እንለዋለን፤ ለብቻችን ስንሆን «ጋሼ»። ድርሰቱን የሚጽፈው እሱ፣ የሚያለማምደን እሱ፣ ክፉውን ባላባት ሆኖ የሚጫወተውም እሱ ነበር። «ሌላው ክፋት አያውቅበትም» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው፣ እሱም ያወቀበት መድረክ ላይ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የምንጫወተው ተውኔት ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የደጋ ባላባት የአንዲት ድሃ መበለት መሬት ይቀማል። አልበቃ ብሎት ልጇን በግድ ሊያገባ ይነሣል። ልጅቷ ደግሞ የምትወደው የባላባቱን መሬት የሚያርስ ጢሰኛ አለ። በመጨረሻ ሕዝቡ ይነሣል፤ ጢሰኛው የባላባቱን በርኖስ ከትከሻው ገፎ መሬት ላይ ይጥለዋል፤ ገበሬዎቹ እየዘፈኑ ይረጋግጡታል። በዚህ ያልቃል። መበለቲቱን የምትጫወተው ሴት አግብታ ስትቀር ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ትሆኛለሽ። ቃል የላትም። ነጠላሽን ተከናንበሽ ከልጅሽ ኋላ መቆምና ማልቀስ ብቻ ነው» አለኝ። ማልቀሱን ቶሎ ለመድኩት። ሰው ግን የሚያየው ልጅቷን ነበር፤ እኔን ከመጋረጃው ለይቶ ያየኝ መኖሩን እንጃ።

ኑሯችን መኪና ላይ ነበር። ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ላይ ከነጓዛችን እንጫናለን። ከበሮ ላይ የሚቀመጥ አለ፣ የተጠቀለለ መጋረጃ ላይ የሚተኛ አለ፣ ክራር መቺው ክራሩን አቧራ እንዳይነካበት በፎጣ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይሸጉጠዋል። ዳገት ሲሆን እንዘፍናለን፤ ቁልቁለት ሲሆን ዝም ብለን ጎን ለጎን እንያያዛለን። ማደሪያችን ትምህርት ቤት ነው፤ ወንዶቹ በአንዱ ክፍል፣ ሴቶቹ በሌላው፣ ዴስክ ገጥመን። ጠዋት ስንነሣ ጸጉራችን ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። ሴቶቹ ሽሮ ስንሠራ ወንዶቹ ውኃ ይቀዱ ነበር። ይህን ሥርዓት ያወጣው ኃላፊያችን ነው። «መድረክ ላይ እኩልነት እየሰበክን ጓዳችን ውስጥ ብንረሳው ሰው ይስቅብናል» ይል ነበር።

እኔ ደግሞ ትርኢት በታየ ማግስት ወንዝ እወርዳለሁ። የባላባቱን ሱሪ፣ የሙሽራዋን ቀሚስ፣ የገበሬዎቹን ጥብቆ አጥቤ እሾህ ላይ አሰጣለሁ። ሲደርቅ በከሰል ካውያ ተኩሼ፣ የተተረተረውን ሰፍቼ ወደ ሣጥኑ እመልሳለሁ። ያን ሥራ እወደው ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ፣ «የማን ሠርግ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ወደ መተማ ቆላ ውረዱ ተባልን። የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ፋታ አይሰጥም፤ አንድ ሁለት ቀን ቢያልፈው ፍሬው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ከጎጃምም ከወሎም ከደጋው ጎንደርም ሰው ማጭዱን ይዞ ወደ ቆላው ይጎርፋል። ለዚያ ሕዝብ እንድንጫወት ነው የተላክነው። መጀመሪያ ሸሕዲ፣ ከዚያ ሽንፋ፣ ከዚያ መተማ።

በሁለት መኪና ተነሣን። እኛ ከፊተኛው ላይ ነን፤ የልብስ ሣጥኖቹ፣ መጋረጃውና ድምፅ ማጉያው ከኋለኛው ላይ። አይከል ላይ ብርድ እያንቀጠቀጠን ሻይ ጠጣን። ነጋዴ ባሕርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራባችንን አወለቅን፤ ቀጥሎ ነጠላችንን ጣልን፤ ሸሕዲ ስንደርስ ወንዶቹ በካናቴራ ቀርተዋል። አየሩ ከእሳት ዳር እንደቆሙ ያህል ፊት ይጋረፋል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀምሮ መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቷል። ማጭዱን ወገቡ ላይ የሻጠ፣ ጋቢውን ጠቅልሎ የተንተራሰ፣ አሠሪ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ኋለኛው መኪና ግን አልደረሰም። በነጋታው ቅዳሜ ጠዋት ሰው የሞላበት ላንድሮቨር ከላይ ወርዶ የሾፌራችንን መልእክት አደረሰን። ቁልቁለቱ ላይ የመኪናውን ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰብሯል፤ መለወጫው ከጎንደር እስኪመጣ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ዕቃው ደኅና ነው። ኃላፊያችን ሌላ መኪና ልኮ ሣጥኖቹን ሊያስመጣ ከተማውን ዞረ። መኪና ሁሉ ሰሊጥ ላይ ነው፤ አንድም አላገኘም።

ትርኢቱ የተባለው ለእሑድ ከሰዓት ነበር። የከተማዋ ካድሬ መጥቶ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር አገኘን። ካኪ የለበሰ፣ ሲቀሰቅስ ሰንብቶ ድምፁ የሰለለ ወጣት ነው።

«ጓድ፣ የቀን ሠራተኛው የሚያርፈው ነገ ብቻ ነው» አለ። «በየእርሻው ዞሬ ነግሬያለሁ። ይመጣሉ። ሲመጡ ምን ልበላቸው?»

ኃላፊያችን የለበሰውን ሸሚዝ በሁለት ጣቱ ከደረቱ ላይ ሳብ አድርጎ አሳየው። «ይህን ለብሼ ባላባት ነኝ ብል ማን ያምነኛል? ሙሽራዋስ በሹራብ ልትዳር ነው?»

 ልብስ የእኔ ጉዳይ ስለሆነ መልሱ ከእኔ የሚጠበቅ መሰለኝና፣ «እንዋስ» አልኩ።

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ኃላፊያችን ግን አልሳቀም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጓድ። ባዶ እጃችንን ከመመለስ ግን ይሻላል።»

ትንሽ አሰበና፣ «እስከ ማታ ጊዜ አለሽ። ካልሆነ ነገ ዘፈን ብቻ እናሳያለን» አለኝ።

የት እንደምጀምር አላወቅሁም። ሰው ወደሚበዛበት ልሂድ ብዬ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሻይና ከረካዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ መጠጥ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄድኩ። ከወሎ ለአጨዳ ወርዳ እዚያው የቀረች፣ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ የሚሉትን ረጅም ስስ ልብስ ከራስ እስከ እግሯ የምትጠመጥም ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ብርጭቆ ማጠቧን አቁማ ሰማችኝ።

«አንቺን ማን ብለው ይሰጡሻል? ሲያዩሽ ትላንት የመጣሽ ነሽ» አለች። «እኔን ግን ያውቁኛል።» ሻይዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ቶቧን አጥብቃ ተነሣች።

ቤት ለቤት ዞርን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ ልብሱን ተቀብዬ እሸከማለሁ። የአንድ አስተማሪ ባለቤት የሠርጓን ጥልፍ ቀሚስ አወጣችልን፤ «ኩል እንዳይነካብኝ ብቻ» አለች። አንድ የሕክምና ረዳት ከዘራውን ሰጠን። መንገድ ዳር ከተቀመጡት የጎጃም አጫጆች አንዱን፣ «የገበሬ ልብስ ፈልገን ነበር» ብንለው ራሱን ዝቅ ብሎ አየ።

«ያለችኝ ይህች የለበስኳት ቁምጣ ናት። እሷን ሰጥቼ በምን ልመጣ ነው?»

«የእኔን ጋቢ አገልድመህ ትመጣለህ» አለችው ሻይ ሻጯ።

ጓደኞቹ በሳቅ ወደቁ። እሱ ግን አሰበበትና እሺ አለ። ያቺ ቁምጣ አረንጓዴ ነበረች፤ በየጉልበቷ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ የተጣፈባት። መጋረጃ እንደሌለን ሲሰማ ደግሞ የሻይ ሻጯ ጎረቤቶች ቶባቸውን አመጡ፤ ብርቱካንማ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ አበባ የፈሰሰበት። ዳር ለዳር በሰፊው ጠልፌ መጋረጃ ሠራሁት። ሲፈታ ጨርቁን እንዳይጎዳ ክሩን አላጠበቅሁም።

ሁሉም ተገኘ፤ የባላባቱ በርኖስ ብቻ ቀረ። በዚያ ሙቀት ማን በርኖስ ይኖረዋል? ሻይ ሻጯ ግራና ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ቤት አለ። ሽማግሌው ከወገራ ናቸው፤ አብዮቱ ሲመጣ ነው የወረዱት። በርኖስ አላቸው ይባላል፤ ያየ ግን የለም። እኔ ካንቺ ጋር ብገባ ከተማው ሁሉ ሰማ ብለው ይደነግጣሉ። አንቺ ብቻሽን ግቢ።»

ሽማግሌው ጎጇቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ቃጫ ይገምዱ ነበር። ሰላም ብዬ ቆምኩ። «ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ፤ የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን እጃቸው ቆመ።

«በርኖስ አለው ብሎ ማን ነገረሽ? ከቀበሌ ነው የላኩሽ?»

«የለም አባባ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ለጨዋታ ነው የምንፈልገው።»

«የሚለብሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። ገመዱን አስቀምጠው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ግን አልቻልኩም። «ክፉ ሰው ነው አባባ። የድሃ መሬት የሚቀማ ባላባት ነው።»

ቃጫውን ከጭናቸው ላይ አራገፉ። ከዚያ፣ «የአባቴ ነው» አሉ። «አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እንከን የለበትም ብዬም አልምልልሽ።» ወደ ውስጥ ገብተው ቆዩና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ብል እንዳይበላው በየእጥፋቱ ደረቅ የትንባሆ ቅጠል አድርገውበታል። ጥቁር ሱፍ፣ ትከሻው ላይ ሹል፣ ጠርዙ በሐር ክር የተሠራ። እንደዚያ ያለ ስፌት ከዚያ በፊት በእጄ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ጣቴን ጠርዙ ላይ ሳሳልፍ ሽማግሌው ያዩኛል።

«መልበስስ ይልበሱት» አሉ። «መሬት ግን አይንካ።»

«አይነካም አባባ» አልኳቸው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ነው የተውኔቱ መጨረሻ ትዝ ያለኝ። በርኖሱን ታቅፌ እዚያው ቆምኩ። ለኃላፊያችን ስነግረው ራሱን ያዘ።

«ጨዋታው የሚያልቀው በእሱ ነው እኮ! ጽሑፉ ደግሞ ከበላይ ታይቶ የጸደቀ ነው፤ ካድሬው ቅጂው እጁ ላይ አለ። እንዴት ልለውጠው?» ትንሽ ቆይቶ፣ «ሰሌን ብናነጥፍለትስ?» አለ።

«ሰሌኑ ላይስ እግር አለ አይደል?»

 በርኖሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከዚያ በፊት ባላባቱን ሲጫወት እየተወጣጠረና እየጮኸ ነበር። ያን በርኖስ ሲለብስ እርምጃው ቀስ አለ፣ አንገቱ ቀና አለ። ወዲያው አውልቆ በሁለት እጁ መለሰልኝ። «ነገ እናየዋለን» አለ።

እሑድ ከሰዓት ግቢው ሞላ። መድረካችን ከመንግሥት እርሻው የተገኙ ሁለት የትራክተር ተሳቢዎች ነበሩ፤ ጎንና ጎን አቁመን፣ ግድግዳቸውን አውርደን ወለል አደረግናቸው። ወለሉ ዘይትና ግሪስ የጠጣ፣ የሰሊጥ ገለባ የተጣበቀበት ነው። ኃላፊያችን ስለ መጨረሻው ገና ምንም አላለም፤ ጽሑፉ እንዳለ ነው። አጫጆቹ በሙሉ መጥተዋል። ሴቶቹ ከአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ከሱዳን ለንግድ የተሻገሩ ጀላቢያ የለበሱ ሰዎች አጥሩ ዳር ቆመዋል። ካድሬው ከፊት ወንበር ላይ የተውኔቱን ቅጂ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሽማግሌው ኒሙ ሥር ናቸው፤ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

መጋረጃው ገና ሳይከፈት ሴቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። «ሰማያዊው የእኔ ነው» ትላለች አንዷ። «የእኔ መሀል ላይ ነው፣ አበባ ያለበት» ትላለች ሌላዋ። ጢሰኛውን የሚጫወተው ወጣት አረንጓዴዋን ቁምጣ ለብሶ ብቅ ሲል ደግሞ ከጎጃሞቹ በኩል ጩኸት ሆነ። ባለቁምጣው ጋቢ አገልድሞ ከመካከላቸው ቆሞ፣ ዓለሙ ሁሉ እንዲያየው ዙሪያውን ይመለከታል። አንዱ ጓደኛው፣ «ቁምጣዋስ የእኛ ናት፤ እግሩን ግን እዩት፣ ይህ እግር ሰሊጥ ማሳ ደርሶ አያውቅም» አለ። ተዋናዩ ራሱ መሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሙሽራዋ በአስተማሪው ባለቤት ቀሚስ ስትወጣ ባለቀሚሷ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች፤ በሠርጓ ቀን ራሷን እንዳየች ያህል ነበር። በየከተማው ስንዞር ተመልካች ሊያየን ይመጣ ነበር። የዚያን ቀን ሰው የመጣው የራሱን ነገር ሊያይ ነው፤ ዓይኑን ከመድረኩ የሚነቅል አልነበረም።

ከዚያ ባላባቱ ገባ። ፊት ለፊት ከተቀመጡት አጫጆች አንድ ጎልማሳ ሳያውቀው ብድግ ብሎ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፤ ድሮ ጌታ ሲያልፍ እንደሚደረገው። ወዲያው ነቃና ተመልሶ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ልብ ያለው አልነበረም። ኃላፊያችን አልጮኸም። በዝግታ እየተራመደ፣ በለስላሳ አንደበት መሬቴን ወሰደብኝ፤ ልጄን ጠየቀኝ። የቀድሞው ባላባት ያስቀን ነበር፤ ይኸኛው ያስፈራል። እኔም ከልጄ ኋላ ቆሜ የማለቅሰው ልቅሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ሆነብኝ።

ከዚያ የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። ገበሬዎቹ ከበቡት፤ ጢሰኛው ባላባቱን አንበረከከው። በርኖሱን ከትከሻው ገፈፈና ከራሱ በላይ አነሣው። «ይህ የወገኖቼ ላብ ነው!» የሚለውን ቃሉን ጮኸ። ቀጥሎ የሚሆነውን አውቃለሁ። ኒሙ ሥር ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲነሡ አየኋቸው። ጢሰኛው እጁን ወደ ኋላ ስቦ ወረወረው፤ በርኖሱ በአየር ላይ ተዘረጋ።

መቼ ከልጄ ኋላ እንደወጣሁ አላውቅም። ወለሉን ሳይነካ በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

ሊረግጡ እግራቸውን ያነሡት ገበሬዎች እንደቆሙ ቀሩ። ጢሰኛው ዓይኑ ፈጦ ያየኛል። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። ከንግዲህ ዝም ብዬ መቆም እንደማልችል ገባኝ። መድረክ ላይ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ የወጣልኝን ተናገርኩ።

«ተዉት! ለባሹ እንጂ ልብሱ ምን በደለ? እኔ እኮ ስንት ክረምት በብርድ አለቅሁ።»

 ከሴቶቹ መሀል አንድ እልልታ ተነሣ፤ የማን እንደሆነ ድምፁን አውቄዋለሁ፣ የሻይ ሻጯ ነው። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እውነቷን ነው!» አለ። ከዚያ ግቢው በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ጢሰኛውን የሚጫወተው ልጅ ብልህ ነበር። ቀረበና በርኖሱን ከእጄ ወስዶ ትከሻዬ ላይ ደረበልኝ። «ልበሺው እናቴ። ያንቺ ነው» አለኝ።

ኃላፊያችን እንደተንበረከከ፣ በካናቴራው፣ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ደስታ እንዳለ እኔ ብቻ አየሁ። «እኔስ ምን ልልበስ?» አለ በባላባቱ ድምፅ። ይህም ጽሑፉ ላይ የለም።

«እንደ ሰው ሠርተህ ልበስ» አልኩት።

እኔ እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። አጫጆቹ ተነሥተው ቆሙ። «ሠርተህ ልበስ! ሠርተህ ልበስ!» እያሉ ማጭዳቸውን ከፍ ከፍ ያደርጋሉ። ቶቦቹን ከዳርና ዳር እንዲይዙ ያቆምናቸው ሁለት ልጆች መጋረጃውን መዝጋት ረስተው አብረው ያጨበጭባሉ።  በርኖሱ ከበደኝ፣ ሞቀኝ፣ ላብ በጀርባዬ ወረደ፤ ቢሆንም ሰው ማጨብጨቡን እስኪተው አላወለቅሁትም።

ካድሬው ቅጂውን ይዞ መጣ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«ይህ ጽሑፉ ላይ የለም» አለ።

«የለም» አለ ኃላፊያችን።

ካድሬው ወደ ግቢው ዞሮ አየ። ሰዎቹ ገና «ሠርተህ ልበስ» ማለታቸውን አልተዉም። ኪሱን ደባብሶ እስክሪብቶውን አወጣና ለኃላፊያችን ሰጠው። «ጻፉበት» አለ። ኃላፊያችን ተሳቢው ጎማ ላይ አስደግፎ ጻፈው።

እኔ በርኖሱን አጥፌ ወደ ኒሙ ሄድኩ። ሽማግሌው ሲቀበሉኝ ጠርዙን አላዩትም፣ ቆሸሸ አልቆሸሸ ብለው አላገላበጡትም። እኔን ብቻ ተመለከቱ።

«ልብሱ ምን በደለ አልሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ነው።»

«ተባረኪ» አሉ። በዚያ ሙቀት በርኖሱን ዘርግተው ደረቡት። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በገበያው መሀል፣ በሰዉ ሁሉ ፊት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማንም አንድ ቃል አልተናገራቸውም። አጫጆቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ሻይ ሻጯ ከኋላዬ ቆማ፣ «ታዲያ አላቸው ማለት ነው» አለችኝ።

ልብሱን ስንመልስ እስኪመሽ ቆየን፤ ባለልብሱ ሁሉ ተቀብሎ መሄድ ትቶ ማውራት ይፈልጋል። ባለቁምጣው፣ «አጥቤ ልስጥህ» ብለው እምቢ አለኝ። ሌላውም ልጠብ ብዬ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ እምቢ አለ። የአስተማሪው ባለቤት ቀሚስ ላይ ግን ኩል ነክቶ ነበር። ሙሽራዋ ኩል አልተቀባችም፤ የተቀባችው ባለቀሚሷ ራሷ ናት፤ ሙሽራዋን ስታቅፍ ነው የነካው። ስንነግራት እየሳቀች ወሰደችው።

በማግስቱ ኋለኛው መኪና ባሌስትራው ተለውጦ ከነሣጥኖቻችን ደረሰ። ሽንፋ ላይ በራሳችን ልብስ ተጫወትን። አዲሱ መጨረሻ ግን እንዳለ ቀጠለ፤ ካድሬው ያጸደቀው ነው። ኃላፊያችንም ባላባቱን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጮኾ አልተጫወተውም። በመንገድ ላይ ለእኔ ሌላ ቃል ይጨምርልኛል። መኪናው እየናጠን፣ እሱ በጆሮዬ እየጮኸ፣ እኔ የተተረተረ እጅጌ እየሰፋሁ ቃሌን አጠና ነበር። መርፌው ስንቴ ወጋኝ። መተማ ስንደርስ መበለቲቱ በሁለተኛው ትዕይንት ላይ ከባላባቱ ጋር ፊት ለፊት የምትነጋገር ሴት ሆና ነበር።

ወሬው ግን ቀድሞን ደርሷል። መኪናው ሲቆም ሰዎች ልብስ በክንዳቸው አንጠልጥለው ይጠብቁናል፤ ሳንጠይቃቸው። «ሠርተህ ልበስ ያለችው የቷ ናት?» ይላሉ። ሙሽራዋን የምትጫወተው ልጅ በጣቷ ወደ እኔ ታመለክታለች። ጋቢም፣ ቀሚስም፣ አንዲት ሴት ደግሞ የብር ድሪዋን ከነክሩ አመጣችልን። ኃላፊያችን፣ «ሣጥኖቻችን መጥተዋል እኮ» ቢላቸው አልሰሙትም። «እንግዲህ የአገሩን እምቢ አንልም» አለና ወደ እኔ ዞረ፤ ሁሉንም ተቀበልኩ።

መተማ የተጫወትነው ገበያው ሜዳ ላይ ነው። ከማዶ የተሻገሩ ሱዳኖች ከእኛ ሰው ጋር ተቀላቅለው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንድ አማርኛ የሚያውቅ ነጋዴ አለ፤ እያንዳንዱን ቃል ተቀብሎ በዐረብኛ ለጎረቤቶቹ ያቀብላል። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም። ባላባቱ፣ «መሬቱን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» ሲለኝ፣ «አንተ ሳትወለድ እዚያው ነበር» ብዬ መለስኩለት። የእኛ ሰው ሳቀ። ሳቁ በረድ ሲል ቀጣዩን ቃል ልናገር አፌን ስከፍት፣ ከሱዳኖቹ በኩል ሁለተኛ ሳቅ መጣ፤ ከመጀመሪያው የበለጠ። የእኛ ሰው ደግሞ እነሱ ሲስቁ አይቶ እንደገና ሳቀ።

ከዚያ በኋላ አወቅሁበት። ቃሌን እናገራለሁ፤ የእኛ ሰው ይስቃል ወይም ያጨበጭባል፤ እኔ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ዝም እላለሁ። ኃላፊያችን ባላባቱ እንደሆነ ፊቴ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ቀድሞኝ አይናገርም። ነጋዴው ለጎረቤቶቹ ሲያቀብል ከሩቅ ይሰማኛል፤ ቃሌ ከአፍ ወደ አፍ እየተሻገረ እስከ ሜዳው ዳር ሲደርስ በዓይኔ እከተለዋለሁ። ያ ሁለተኛው ሳቅ እስኪመጣ ቀና ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሁልጊዜም ይመጣ ነበር።